መዝሙሩን ሁላችንም እንዘምረዋለን፤ የጻፈው ግን ማን ነው?

የኮዬ ዘማሪ

ሰላም ለሁላችሁ። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም አካባቢ ባለች አንዲት ቤተ ክርስቲያን ኳየር አስተባብራለሁ። የምንዘምራቸውን መዝሙሮች ሰብስበን የመዝሙር መጽሐፍ ልናዘጋጅ ነው። ኮምፒውተር ቤት ተጽፎ፣ ፎቶ ኮፒ ተደርጎ፣ በስፒራል የሚጠረዝ ነው እንጂ ማተሚያ ቤት የሚገባ አይደለም። ግጥሞቹን ለቅመን ጨርሰናል። የያዘን ሌላ ነገር ነው። ከእያንዳንዱ መዝሙር ሥር ግጥሙ የማን፣ ዜማው የማን እንደሆነ እንጻፍ ብለን መጠየቅ ስንጀምር የምናገኘው መልስ «እገሌ ዘምሮታል» የሚል ብቻ ሆነ። የዘመረውን ሰው ሁሉ ያውቀዋል። የጻፈውን ግን የጠየቀም የለ።

ከኳየሩ ግማሹ ደግሞ ጭራሽ አያስፈልግም ባይ ነው። ክብሩ የጌታ ነው፣ የሰው ስም እዚያ ምን ይሠራል ይላሉ። እኔ አልተዋጠልኝም። እስኪ መጽሐፍ ቅዱሳችንን እንክፈት። መዝሙረ ዳዊት ውስጥ «የአሳፍ መዝሙር» የሚል አለ፣ የቆሬ ልጆች የሚል አለ፣ 90ኛው ላይ የሙሴ ስም አለ። ለእግዚአብሔር የቀረበ ምስጋና ነው፤ ስማቸው ግን አልተፋቀም። ሮሜ 16 ላይ ጳውሎስ እየነገረው ብዕር የያዘው ጤርጥዮስ እንኳ ስሙን ጠርቶ ሰላምታ አቅርቧል።

የምታውቁትን አካፍሉኝ። ከየትኛውም ቤተ እምነት ብትሆኑ ደስ ይለኛል።

ለገጣፎ ነኝ

ወንድሜ ጌታ ይባርክህ፣ ሥራችሁ ደስ ይላል። እኔ ግን ከኳየርህ ግማሽ ጋር ነኝ። ያሳደጉኝ ሰዎች በድብቅ ይዘምሩ የነበሩ ናቸው። የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በደርግ ጊዜ፣ በ1974 ዓ.ም. ሲዘጋ፣ ሌሎቹም በየተራ ሲታሸጉ፣ ሰው በየቤቱ መጋረጃ ጋርዶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር የሚዘምረው። መዝሙሩ ከቤት ወደ ቤት የሚሄደው በቃል ነው። ወረቀት ላይ ስም መጻፍ ማለት ሰው ማሳሰር ነበር። እነዚያ ሰዎች ስም አልፈለጉም፣ መዝሙራቸው ግን እስከ ዛሬ ሕዝብ ያንጻል።

የዛሬውን ደግሞ ተመልከት። በየግንቡ ፖስተር፣ ከመዝሙሩ በፊት የዘማሪው ስም፣ ከስሙ በፊት ፎቶው። የእኔ ፍርሃት ይኼ በሽታ ወደ መጽሐፋችሁም እንዳይገባ ነው።

የኮዬ ዘማሪ

በፖስተሩ ነገር አንድ ነን። ግን ልብ በል ወንድሜ፣ ፖስተሩ ላይ ያለው የዘማሪው ስም ነው። ጸሐፊው ከፖስተሩም ከመጽሐፉም የለም። ስም ያልተጻፈው በፍርሃት ምክንያት ከነበረ ፍርሃቱ ካለፈ በኋላ ለምን እንተወዋለን? በዚያ ዘመን የጻፉት ሰዎች አሁን አርጅተዋል። ዘማሪ ተስፋዬ ጋቢሶን ውሰድ። በደርግ ጊዜ ለእምነቱ ዓመታት ታስሯል፤ ይህን ሁሉም ያውቃል፣ ምክንያቱም ስሙ አለ። ስማቸው የሌለ ስንቶች አብረውት ጽፈው ይሆን? ዛሬ ካልጠየቅን ነገ ማንን ነው የምንጠይቀው?

መሪጌታ ዘሰበታ

ሰላመ እግዚአብሔር ከሁላችሁ ጋር ይሁን። ልጄ፣ ጥያቄህ መልካም ነው። በእኛ በኩል ያለውን ልንገርህ።

የዜማችን አባት ቅዱስ ያሬድ ነው። በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ አክሱም፣ በንጉሥ ገብረ መስቀል ዘመን። ትምህርት አልገባው ብሎ ከአጎቱ ከጌዴዎን ጠፍቶ ሲሄድ፣ አንዲት ትል ከዛፍ ላይ እየወደቀች እንደገና ስትወጣ አይቶ የተመለሰበትን ታሪክ ሁሉም ያውቀዋል። ዜማውን ግዕዝ፣ ዕዝል፣ አራራይ ብሎ በሦስት ከፈለው። ድጓ፣ ጾመ ድጓ፣ ምዕራፍ፣ ዝማሬ፣ መዋሥዕት የሚባሉት አምስቱ መጻሕፍት የእሱ ናቸው። እኛ ግንቦት 11 ቀን እናከብረዋለን። አየህ፣ ይህ ሰው ስሙ አልተደበቀም። ስሙን መጥራት ከእግዚአብሔር ክብር የቀነሰው ነገር የለም።

ሌላም አስተውል። ድጓ የያሬድ ይባል እንጂ ከእሱ በኋላ የመጡ ሊቃውንት ጨምረውበታል። የብዙዎቹ ስም በያሬድ ስም ውስጥ ገብቶ ቀርቷል። ስማቸው ተለይቶ የቆየ ሁለት ግን አሉ። በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ 16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መሆኑ ነው፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የሚባሉ ሊቃውንት በተድባበ ማርያም ሆነው የድጓውን የዜማ ምልክት እንደሠሩ አበው ያስተምራሉ። ይዘት፣ ደረት፣ ሂደት፣ ጭረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ቁርጥ እያልን የምንቆጥረውን። የድጓውን ዜማ የደረሱት እነሱ አይደሉም። የሌላውን ድካም እንዳይጠፋ አድርገው አስቀመጡት። ይኼው ነው ሥራቸው፤ ስማቸው ግን ከያሬድ ቀጥሎ በየጉባኤ ቤቱ ይነሣል።

የኮዬ ዘማሪ

መሪጌታ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የሁለቱን አዛዦች ታሪክ ሰምቼ አላውቅም ነበር። አንድ ልጠይቅዎ፦ ቅኔስ? ቅኔ ላይ የባለቤቱ ስም ይጻፋል?

መሪጌታ ዘሰበታ

ቅኔ ሥርዓቱ ሌላ ነው። ባለቅኔው ለዕለቱ በዓል አዲስ ይቀኛል። ጉባኤ ቃና ከሆነ በ2 ቤት፣ መወድስ ከሆነ በ8 ቤት። ያው ቅኔ ሌላ ቀን አይደገምም፤ የደገመ ሰው ይታወቅበታል፣ ያፍርበታልም። ስለዚህ ደራሲው ማን ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም፣ ደራሲው እዚያው ማኅሌቱ ላይ መቋሚያ ይዞ ቆሟል። ጥሩ ከሆነ ሊቃውንቱ እጅ ይነሡለታል፣ ተማሪው በቃሉ ይዞት ይወጣል፣ «የየኔታ እገሌ ቅኔ» እየተባለ ከቅኔ ቤት ወደ ቅኔ ቤት፣ ከዋሸራ እስከ ጎንጅ ይዞራል። አያችሁ፣ በቃል የሚሄድ ነገር ሁሉ ስም አልባ መሆን የለበትም። በቃል የሚቀበለው ሰው ስሙንም አብሮ ከተቀበለ ስሙ ይቆያል።

ቤዝ ተጫዋች ከቱሉ ዲምቱ

ሰላም። እኔ የምጨምረው ከሙዚቃው በኩል ነው፤ ምክንያቱም ግጥምና ዜማ እየተለያዩ የሚጠፉበት አንድ ግልጽ መንገድ አለ።

የእኛ አዳራሽ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ክረምት ላይ ቅዳሜ ከሰዓት ልምምድ ስንይዝ ዝናቡ ከመጣ ኪቦርድም ቤዝም አይሰማም፣ መብራትም ብዙ ጊዜ ይሄዳል። ያኔ በጭብጨባ ብቻ እንለዋለን። ጭብጨባ ላይ ስንኙ ቁልጭ ብሎ ይወጣል። በአማርኛ የተጻፈው መዝሙር ወዲያው ይታወቃል፣ በክፍለ ቃል ቆጠራ ስድስት በስድስት ይረግጣል፣ የወል ቤት የሚባለው ልክ ነው፤ ወይ አምስት በአምስት ነው፣ ሰንጎ መገን። ከፈረንጅ የተተረጎመው ደግሞ ወዲያው ይንገዳገዳል። አንዱ ቃል ይጎተታል፣ ሌላው ሦስት ፊደሉ በአንድ ምት ይዋጣል።

ፈረንጆቹም የራሳቸው ቁጥር አላቸው። «አሜዚንግ ግሬስ» የሚባለው መዝሙራቸው የስንኞቹ ክፍለ ቃል ሲቆጠር 8፣ 6፣ 8፣ 6 ነው። በዚያ ልክ የተጻፈ ግጥም ሁሉ በዚያ ልክ በተሠራ ዜማ ሁሉ ይዘመራል። የመዝሙር መጽሐፎቻቸው መጨረሻ ላይ በልክ የተደረደረ የዜማ ማውጫ የሚገኘው ለዚህ ነው። ጆን ኒውተን ግጥሙን ለእ.ኤ.አ. 1773 አዲስ ዓመት ስብከት ኦልኒ በምትባል ከተማ ጻፈው፤ በ1779 ታተመ። ዛሬ የምናውቀው ዜማ ግን ያኔ የለም! ዊሊያም ዎከር የሚባል አሜሪካዊ ከግጥሙ ጋር ያጋባው በ1835 ነው። ኒውተን በ1807 ሞቷል፤ ዓለም ሁሉ የሚዘምርበትን ዜማ ሳይሰማ ማለት ነው። የዚያ ዜማ ደራሲ ደግሞ እስከ ዛሬ አልታወቀም። በዓለም ላይ በጣም ከሚዘመሩት አንዱ፣ ግማሹ ባለቤት የለውም።

ስለዚህ የኮዬው ወንድሜ፣ አንድ መስመር አትተዉ። ሁለት አድርጉት። ግጥም ለብቻ፣ ዜማ ለብቻ።

የእናቴ ደብተር

እኔ ቡራዩ ነኝ። እናቴ የድሮ ዘማሪት ናት። በወጣትነቷ የጻፈችበት ደብተር አሁንም አለ፤ ሽፋኑ ወልቆ በካርቶን ተሰፍቷል፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ ነው የተጻፈው፣ ዘይት የነካው ገጽ ላይ ፊደሉ ከጀርባው ያሳያል። ይህን ውይይት ሳነብ አውጥቼ አገላበጥኩት። ብዙዎቹ ሥር ምንም የለም። አንዳንዱ ሥር ግን በትንንሽ ፊደል ትጽፋለች። አንዱ ላይ «ዜማ፦ ከነቀምት የመጣችው እህት» ይላል። ሌላው ላይ «ይህን በለቅሶ ቤት ተማርን» ይላል።

ስለ ነቀምቷ እህት ጠየቅኳት። መልኳን ታስታውሳለች። ከረዘመ ጉዞ መጥታ እነሱ ቤት አደረች፣ ማታ ዜማውን አስጠናቻቸው፣ በማግስቱ ሄደች። ስሟን እናቴ አውቃ ነበር፤ ግን አትጽፊው ተብላ ነበር። ከዚያ ስሙ ጠፋ፣ ዜማው ቀረ። እናቴ ይህን ስትነግረኝ አለቀሰች። ለገጣፎ ላለው ወንድሜ ይህን ልነግረው ፈልጌ ነው። እነሱ ስም አልፈለጉም ብለሃል። እናቴ ትፈልግ ነበር።

ለገጣፎ ነኝ

እህቴ፣ እናትሽን በጌታ ሰላም በይልኝ። ልብ ይነካል። እኔ የተነሣሁት ከስም በኋላ የሚመጣውን ትዕቢት አይቼ ነው፤ ከእሱ አልመለስም። ግን የእናትሽ ደብተር ትዕቢት አይደለም፣ ይገባኛል።

ጥያቄ ያለው ልጅ (አያት)

ስለ ኒውተን የተነገረው ላይ ልጨምር፣ ምክንያቱም ሁልጊዜ ቆርጠው ነው የሚነግሩን። ኒውተን የባሪያ ንግድ መርከብ ካፒቴን ነበር። በ1748 ማዕበል ውስጥ ሆኖ ወደ እግዚአብሔር ጮኸ ይባላል፣ እውነት ነው። ነገር ግን በማግስቱ ንግዱን አልተወም። እስከ 1754 ድረስ በመርከብ ባሪያ ማጋዙን ቀጥሏል። ንግዱን በትንሽ መጽሐፍ በይፋ ያወገዘው በ1788 ነው፤ ስንት ዓመት በኋላ! ይህ ሲነገር መዝሙሩን ያረክሳል የሚሉ አሉ። እኔ ይህን ካወቅኩ በኋላ መዝሙሩን በደንብ ነው የምዘምረው። ምሕረት የሚለው ምን ያህል ዘግይቶ የገባው ሰው እንደጻፈው አውቃለሁ።

ከዚያው ጋር ሁለት የእኛን ሰዎች አስቡ። ኦነሲሞስ ነሲብ በሕፃንነቱ ተሸጦ ምፅዋ ላይ ነጻ የወጣ ሰው ነው። አስቴር ጋኖ እ.ኤ.አ. በ1886 ልትሸጥ ወደ የመን ስትወሰድ የኢጣሊያ መርከብ ያስጣላት ልጅ ናት። ሁለቱ ምፅዋ አጠገብ እምኩሉ በሚባል ቦታ ተገናኝተው የኦሮምኛ ሥነ ጽሑፍ መሠረት ጣሉ። መዝሙሮች በኦሮምኛ በመጽሐፍ የወጡት እዚያ ነው፣ በ1880ዎቹ። መጽሐፍ ቅዱሱ በ1899 ታተመ። አንዱ መዝሙር የባሪያ መርከብ ካፒቴን የጻፈው ነው፣ ሌላው ከባርነት የወጡ ሰዎች ያቀኑት። ሁለቱም ዛሬ እዚህ ከተማ ዳር ላይ በአንድ እሑድ ይዘመራሉ። ስም ባይኖር ይህን እንዴት እናውቃለን?

የኮዬ ዘማሪ

ተባረክ ወንድሜ። ስለዚህ የተርጓሚም ስም ይገባል ማለት ነው፤ ለካ ሦስተኛ መስመር ያስፈልገናል። ይህን አላሰብንበትም ነበር።

ቤዝ ተጫዋች ከቱሉ ዲምቱ

በደንብ ይገባል። ካርል ቦበርግ የሚባል ስዊድናዊ በ1885 የጻፈው ግጥም አለ፣ ዛሬ በእንግሊዝኛ «ሃው ግሬት ዛው አርት» የሚባለው፤ በስዊድን የሕዝብ ዜማ ተዘመረ፣ ወደ ጀርመንኛ ሄደ፣ ከዚያ ወደ ሩሲያኛ፤ ስቱዋርት ሃይን የሚባል እንግሊዛዊ ሚስዮናዊ ከሩሲያኛው ወደ እንግሊዝኛ አመጣው፣ ከራሱም ስንኝ ጨመረበት። ዓለም ያወቀው በእሱ እንግሊዝኛ ነው። መሀል ላይ ያሉት ተርጓሚዎች ባይኖሩ ግጥሙ እንዲህ ዓለምን ባላዳረሰ ነበር።

ገጣሚ ነኝ (ሰበታ)

ብዙ ሳልናገር የቆየሁትን ልናገር። መዝሙር እጽፋለሁ። አልዘምርም፣ ድምፅ የለኝም። ግጥሙንም ዜማውንም ሠርቼ፣ በስልኬ ቀድቼ፣ ለሚዘምሩ እሰጣለሁ። በነጻ። ገንዘብ ጠይቄ አላውቅም፣ አልጠይቅምም። አንድ ጊዜ የሰጠሁት መዝሙር በአንድ አልበም ውስጥ ወጣ። ሽፋኑ ላይ የካሜራ ባለሙያው ስም አለ፣ የሜካፕ ባለሙያዋ ስም አለ። ከግጥምና ዜማ ጎን የተጻፈው ግን የዘማሪው ስም ነው። ደውዬ ስጠይቅ «ወንድሜ፣ ለጌታ ነው ብለህ አልነበር የሰጠኸኝ?» ተባልኩ። አዎ ለጌታ ነው የሰጠሁት። ለጌታ የሰጠሁትን ነገር በሌላ ሰው ስም መጻፍ ግን ለጌታ መስጠት አይደለም። ውሸት ነው።

ከዚያ በኋላ ረጅም ጊዜ አልጻፍኩም። መጻፍ ስፈልግም እጄ ይያዛል። ክብሩ የጌታ ነው የምትሉ ሰዎች እባካችሁ ይህን ነገር አስቡበት። ክብሩ የጌታ ከሆነ የሁላችንም ስም ይውጣ፣ የዘማሪውም። የአንዱ ወጥቶ የአንዱ ቀርቶ አይሆንም።

ለገጣፎ ነኝ

ወንድሜ፣ እንዲህ ያለውን ነገር እኔም አልደግፍም። የሆነብህ በደል ነው። ጻፍ፣ አታቋርጥ።

ሕግ ላስታውስ (ጀሞ)

አጭር ነገር ላክል። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ። መንፈሳዊ መዝሙርም ሥራ ነው፣ ይጠበቃል። ደራሲው በሕይወት እስካለ ድረስ፣ ከሞተም በኋላ 50 ዓመት። ከገንዘቡ ሌላ የሞራል መብት የሚባል አለ፤ ሥራው ሲወጣ ስሙ እንዲጠራ የመጠየቅ መብት ነው። የገንዘብ መብቱን በነጻ የሰጠ ሰው የስሙን መብት አብሮ ሰጠ ማለት አይደለም። የሰበታው ወንድማችን ይህን ይወቅ።

የኮዬው ወንድሜም ልብ በል። መጽሐፉ ፎቶ ኮፒ ይሁን እንጂ ማባዛት ነው። የምታውቋቸውን ደራሲያን ፈቃድ ጠይቁ፤ አብዛኛው ደስ ብሎት ይፈቅዳል። ፈቃድ ስትጠይቁ ደግሞ የፈለጋችሁት ስም ከነታሪኩ በዚያው ይመጣል። እንደ ዋትስ፣ ዌስሊ፣ ኒውተን ያሉት የድሮ የእንግሊዝ መዝሙር ጸሐፊዎች ከሞቱ ዘመናት አልፏል፣ ዋናው ነጻ ነው። የአማርኛ ትርጉሙ ግን የራሱ ባለቤት አለው።

እህት ከካራ

እኔ የማወራው ስለ ፋኒ ክሮዝቢ ነው፣ በጣም የምወዳት ሴት ስለሆነች። እ.ኤ.አ. በ1820 ኒው ዮርክ ተወለደች። ገና ጥቂት ሳምንት ሲሆናት ዓይኗ ታሞ አንድ ሐኪም ነኝ ባይ ያደረገላት ነገር እንዳሳወራት ነው የሚነገረው። በ1915 እስክትሞት ከ8,000 በላይ መዝሙር ጽፋለች። ማየት ስለማትችል ሙሉውን በጭንቅላቷ ጨርሳ፣ ከዚያ ለሚጽፍላት ሰው ትነግር ነበር። አንዳንዴ በርከት ያሉትን አጠራቅማ በአንድ ጊዜ።

አሁን ከዚህ ውይይት ጋር የሚገናኘውን ስሙ። አሳታሚዎቹ አንድ መጽሐፍ ውስጥ የእሷ ስም በዝቶ እንዳይታይ ብለው በሌላ ስም ያወጡላት ነበር። ከ100 በላይ የብዕር ስም ነበራት። ለአንድ መዝሙር የሚከፈላት አንድ ሁለት ዶላር ነው፤ የዜማ ባለቤቶቹና አሳታሚዎቹ ግን ከብረዋል። እሷ በድህነት ሰፈር ትኖር ነበር፣ ለድሆች ትደክም ነበር፣ ቅር ብሏት አታውቅም ይላሉ። እኔ ግን ቅር ይለኛል። ስሟን መልሰው የሰበሰቡት ኋላ ወረቀት ያገላበጡ ሰዎች ናቸው።

በ1873 የወጣው በጣም የታወቀው መዝሙሯ «ብሌስድ አሹራንስ» ደግሞ ከዜማው ነው የጀመረው። ጓደኛዋ ፊቢ ናፕ ዜማውን ሠርታ መጥታ ተጫወተችላት፣ ይህ ዜማ ምን ይላል ብላ ጠየቀቻት፣ ፋኒ ሰምታ ቃሉን እዚያው ሰጠቻት። ሁለት ሴቶች፣ አንድ ክፍል ውስጥ። የናፕን ስም ስንቶቻችን እናውቃለን? መጽሐፋችሁ ላይ ሁለቱንም ጻፉልኝ፣ አደራ።

ከእንጦጦ ሥር

እኔ የበገና ተማሪ ነኝ። እኛ ጋ «ከማን ተማርክ?» የሚለው የመጀመሪያ ጥያቄ ነው። መምህር ዓለሙ አጋ የእንጦጦ ልጅ ናቸው፤ በልጅነታቸው ከአለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል ተማሩ፣ ኋላም በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት አስተማሩ። ስለ እሳቸው በተነሣ ቁጥር የአለቃ ተሰማም ስም ይነሣል። አሥሩን አውታር የምንቃኝበት መንገድ በዚያ ሰንሰለት መጣልን። የዜማው ደራሲ ባይታወቅ እንኳ ያስተማረህን ሰው ጻፍ። የቡራዩዋ እህት እናት ያደረጉት ይኼንኑ ነው፣ ከማን እንደተማሩት ጻፉ። ስም ባይኖርም መንገዱ አለ።

መሪጌታ ዘሰበታ

ከእንጦጦ ሥር ያልኸው ልጄ፣ ቃለ ሕይወት ያሰማልን። እኔም አንድ ነገር ጨምሬ ላብቃ። አባ ጊዮርጊስ ዘጋሥጫን ታውቁታላችሁ። ሌሊት ሌሊት የምናደርሰው ሰዓታት የእሱ ነው፣ አርጋኖን የእሱ ነው። በሐይቅ እስጢፋኖስ ትምህርት አልገባ ብሎት ለማኅበሩ እህል ሲፈጭ እንደኖረ ገድሉ ይናገራል። እመቤታችን ገልጣለት ነው የደረሰው ብለን እናምናለን። ስጦታው ከላይ መሆኑን አምነን ስሙን አልተውነውም። የሁለቱ ነገር አይጣላም። ለገጣፎ ያለው ልጄ፣ ትዕቢትን መፍራትህ ጥሩ ነው፤ ትዕቢት ግን በዝምታም ውስጥ ይቀመጣል።

ለገጣፎ ነኝ

መሪጌታ፣ እቀበላለሁ። አንድ ነገር ግን ልለምን። ስሙ ከመዝሙሩ ሥር አይሁን። ሰው ሲዘምር ዓይኑ ቃሉ ላይ ይሁን። ከኋላ ማውጫ ይኑር፣ እዚያ ጻፉት። የፈለገ ይገለብጣል።

የኮዬ ዘማሪ

ይኼ ጥሩ ሐሳብ ነው። ትናንት ከኳየሩ ጋር ተነጋገርንበት፣ እንቢ ያሉትም ተስማሙ። ማውጫው ከኋላ ይሆናል። ለእያንዳንዱ መዝሙር ግጥም፣ ዜማ፣ ተርጓሚ፣ ከማን እንደተማርነው። የመጨረሻው አምድ ከእንጦጦው ወንድማችን የመጣ ነው፤ ደራሲው ላልታወቀው ሁሉ ባዶ ከመተው እሱን እንሞላለን። የታተመ ካሴት ላይ ያለ ስም ካገኘን ዘማሪው ብለን ለብቻ እንጽፋለን፣ ከደራሲው ጋር አንቀላቅለውም።

ለሰበታው ገጣሚ፦ ወንድሜ፣ ያ መዝሙር ከምንዘምራቸው አንዱ ከሆነ በውስጥ መስመር ጻፍልኝ። በስምህ ነው የሚገባው።

የእናቴ ደብተር

የእናቴን ደብተር ስካን አድርጌ ልልክላችሁ እችላለሁ። እሷም ፈቅዳለች። ዘይት የነካው ገጽ ላይ የማይነበቡ ስንኞች አሉ፣ እነሱን በድምፅ ትቀዳልኛለች።

የኮዬ ዘማሪ

እህቴ ተባረኪ። ድምፁን በጣም ነው የምንፈልገው፣ ዜማውን ከእሳቸው አፍ ብንሰማ ይሻለናል።

ጥያቄ ያለው ልጅ (አያት)

የእኔ አጎት በደርግ ጊዜ በድብቅ ኳየር ውስጥ ከነበሩት ነው። አሁን ሱሉልታ ነው የሚኖረው። ብዙ አያወራም፣ ግን ማን ምን እንደጻፈ ያስታውሳል፣ ስም በስም። የግጥሞቹን ዝርዝር ላክልኝና ፋሲካ ሳይደርስ ሄጄ አነብለታለሁ። ጆሮው ደከም ስላለ ፊደሉን ትልቅ አድርገህ አትመው፣ ራሱም ያንብበው።

የኮዬ ዘማሪ

ዛሬ ማታ እልክልሃለሁ። መጀመሪያ ያለ ደራሲ የቀሩትን ጠይቅልኝ፤ በቀይ አስምሬባቸዋለሁ።